የዘርዓብሩክ ውሾች

ዲላ ውስጥ ስለ ባሌ የሚወራውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። «ዘርዓብሩክን ቤቲንግ በላው» ይላሉ። ገበያ ላይ ይላሉ፣ ለቅሶ ቤት ይላሉ፣ እኔው ሱቅ ውስጥ ቆመው የኔኑ ብርጭቆ እያገላበጡ ይላሉ። እኔም መቼም ምላሴ አያርፍም፤ «እናንተን ደግሞ ወሬ ይብላችሁ» ብዬ ብርጭቆዬን ከእጃቸው እቀበላለሁ። ውሸት ነዋ! ቁማር የበላው ሰው ምን እንደሚመስል ጠፍቶኝ አይደለም፤ የቤት ዕቃ አውጥቶ ይሸጣል፣ ይዋሻል፣ ሚስቱ ላይ እጁን ያነሳል። ዘርዓብሩክ ከነዚህ አንዱንም አላደረገም። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ባሌ ቡና ቀማሽ ነበር። ትውልዱ ወርቃ ነው፣ ጌዴኦ ነው፣ የእናቱን ጓሮ ቡና እየለቀመ ያደገ። እኔ ደግሞ አባቴ ከሸዋ መጥቶ ዲላ ላይ የብርጭቆና የሰሃን ሱቅ የከፈተ የነጋዴ ልጅ ነኝ። ስንጋባ የኔም ዘመድ የሱም ዘመድ አኩርፎ ነበር፤ እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሱ ጴንጤ፣ ብቻ ያ ሌላ ታሪክ ነው። የሚሠራው እዚሁ ከተማ አንድ ቡና ላኪ ዘንድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረው ሲኒ በማንኪያ እየቀዳ ፉት ይላል፣ ይተፋል፣ ማንኪያውን ያስቀምጥና «ይሄ የጨለለቅቱ ነው፣ ማድረቂያው አልጋ ላይ እያለ ዝናብ አግኝቶታል» ይላል። ሲጣራ እውነት ሆኖ ይገኛል። ከባዕድ አገር የሚመጡት ገዢዎች እንኳ የሱን አፍ አይተው ነበር ፊታቸው የሚፈታው።

ቤትም ያው ነው። በርበሬው ከየት ገበያ እንደመጣ፣ ቅቤው የስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ወጡን እኔ ልሥራው ሠራተኛዋ፣ ገና ከበር ሲገባ ይናገራል። አንዳንዴ «ሰው ነህ ወይስ ፍርድ ቤት?» እለው ነበር። ይስቃል። ሰውዬው መፍረድ ይወድ ነበር፣ ቸኩሎ ግን አይፈርድም። ግራ ቀኙን አይቶ አንዲት ቃል ይናገራል፣ ከተናገረ ደግሞ አለቀ። እኔ እንደዚያ ለፍላፊ ሴት፣ አንድም ቀን ተከራክሬ አሸንፌው አላውቅም፤ እሱን የወደድኩትም በዚሁ ነው።

ያ አገሩን ሁሉ ያሳለው በሽታ የመጣ ጊዜ እኛም ቤት ገባ። እኔን ጥቂት አስተኝቶ ተወኝ። እሱንም ተወው፣ አፍንጫውን ግን ይዞት ሄደ። ሐኪሙ ይመለሳል አለ። የጎረቤቱ ተመለሰ፣ የሠራተኛዋ ተመለሰ፣ የሱ ቀረ። አንድ ቀን ጓዳ ስገባ ነጭ ሽንኩርት ልጦ፣ አድቅቆ፣ መዳፉን ከአፍንጫው ላይ ደፍቶ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኑ ያነባል። «አቃጠለኝ እንጂ አልሸተተኝም» አለኝ። እዚያው ቆሜ አብሬው አለቀስኩ።

መሥሪያ ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ ታገሰው፣ ከዚያ በክብር ሸኘው። ምን ያድርጉ፣ አፍንጫ የሌለው ቀማሽ ምን ይሠራላቸዋል። ቤት ዋለ። ምግቡን ግድግዳ እያየ ያኝካል። ሱቅ እንዲያግዘኝ ወስጄ ባስቀምጠው፣ ደንበኛ «የትኛው ይሻላል?» ሲለው «እንደፈለጋችሁ» ይላል። ዘርዓብሩክ! «እንደፈለጋችሁ»! ባሌ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጠፋብኝ።

ከሱቄ ማዶ የቤቲንግ ቤት አለ። የሚያሠራው ነስሩ ይባላል፣ የጎረቤታችን የነጋዴው ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ዝናብ በሆነ አንድ ከሰዓት ዘርዓብሩክ ሊጠለል እዚያ ገባ። ሲመሽ ሲመጣ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለ።

«የትምዬ፣ ውሾች አየሁ» አለኝ።

ዲላ ውስጥ ውሻ ጠፍቶ ነው ወይ አልኩት። እሱ ግን ተቀምጦ ያወራልኝ ጀመር፤ ያን ያህል ቃል በአንዴ ከአፉ ሲወጣ ከሰማሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር። ወጣቱ ሁሉ የእንግሊዝ ኳስ ላይ አፍጦ ሳለ፣ ጥግ ላይ ባለችው ስክሪን የውሻ ሩጫ ይታያል። ከእንግሊዝ አገር በቀጥታ ነው የሚመጣው። ስድስት ወገበ ቀጭን ውሾች ከሳጥን ይለቀቁና አሸዋ ላይ የጨርቅ ጥንቸል ያባርራሉ። ከፈለግሽ የትኛው እንደሚቀድም ትገምቺና ትኬት ትቆርጫለሽ። እስኪ አሁን ውሻ ሲሮጥ ለማየት ሰው ይከፍላል? እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄደ። መጀመሪያ ለብዙ ጊዜ አንድም ትኬት አልቆረጠም፤ ቁጭ ብሎ ያያል። ቡና ሲቀምስ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ማታ እራት ላይ ያየውን ይነግረኛል፣ እኔም ሳልወድ በግድ የውሻ ሩጫ አዋቂ ሆንኩ። አሁን ጠይቁኝ፣ እነግራችኋለሁ። ሰው የሚሳሳተው ፈጣኑን ውሻ ሲፈልግ ነው። መታየት ያለበት የመጀመሪያው ኩርባ ነው፣ እዚያ ድረስ መንገዱ ክፍት የሚሆንለት ማን ነው የሚለው። ቀይ የለበሰው አንደኛው ውሻ ከውስጠኛው አጥር ጥግ ይነሳል። አጥር ተጠግቶ መሮጥ የሚወድ ከሆነ ደህና። ሜዳውን ሰፋ አድርጎ መሮጥ የለመደ ውሻ እዚያ ከደረሰው ግን ገና ሲነሳ ወደ ውጭ ይቆርጣል፣ ጎረቤቶቹን ይገጫል፣ የሦስት ውሻ ሩጫ ይበላሻል። ሁለት ችኩሎች ጎን ለጎን ከተመደቡ ኩርባው ላይ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ያኔ ከኋላ ያዘገመውን ነው መያዝ።

ክብደታቸውም ስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ካለፈው ጨምሮ የመጣ ሥራ ፈቶ ከርሟል፣ ብዙ ቀንሶ የመጣ አሞታል። ከጎበዞች ምድብ ወርዶ የመጣ ውሻ ደግሞ ያለፈ ውጤቱ ሲታይ አስቀያሚ ነው፣ ነገር ግን የቀደሙት ከነዚህ የሚበልጡ ነበሩ። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ በዓይን ይታያል። ውሾቹ ከሩጫው በፊት በገመድ እየተሳቡ ሲያልፉ፣ አሳዳሪውን የሚጎትተው ጉልበቱን እዚያው ጨረሰ፣ ጭራውን ከሁለት እግሩ መሃል የከተተው አልተኛም። ያም ሆነ ይህ፣ የመጨረሻው ሕግ አንድ ነው፤ ካላወቅሽ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ። ዘርዓብሩክ ሲጀምርም ቀኑን ሙሉ አይቶ አንዲት ሩጫ ላይ ብቻ ነበር የሚቆርጠው፣ እሷንም ከሻይ ዋጋ ባልበለጠ።

ያችን አንዲት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበላል። ወጣቶቹ ነቁ። ኳሱን ትተው «ጋሼ፣ ይሄኛውስ?» እያሉ ይከቡት ጀመር። የውሾቹ ስም በእንግሊዝኛ ነው፣ ለአፍ አይመችም፣ ስለዚህ የቡና ስም አወጣላቸው። ቀስ ብላ ጀምራ መጨረሻ ላይ የምትፈነዳዋ «ወርቃ» ናት። ቶሎ ነድዶ ቶሎ የሚጠፋው «ጨለለቅቱ» ነው፤ የጨለለቅቱ ልጆች ይናደዳሉ፣ እሱ ይስቃል። ጺሙን መላጨት ጀመረ። ጠዋት ሸሚዝ ይመርጣል። አንድ ቀን ወጡን ቀምሶ፣ ጣዕሙ ባይገባውም፣ «ወፈር ብሏል» አለኝ። ይሄ ቃል ለኔ ምን እንደሆነ ለማን ብዬ ላስረዳ? ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ፣ በደስታ።

የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሊገሥጹት ቤት መጡ። ሻይ አቀረብኩ። እሱም ሲገሥጹት አንገቱን ደፍቶ ሰማ፣ ከዚያ ለማስረዳት ብሎ ስድስት ብርጭቆ ደረደረና የመጀመሪያውን ኩርባ አሳያቸው። አንደኛው ሽማግሌ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው «ታዲያ ይቺ ጥግ ያለችውስ ምን ትሆናለች?» ሲሉ ሌላኛው ጎሸም አደረጓቸው። ጸለዩለትና ሄዱ። እኔ በሳቅ ልሞት ደረስኩ። ባሌ ተመልሶልኛል፣ በጸሎትም ይሁን በውሻ ለኔ ምን ገዶኝ።

ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ነስሩ ቤት ስክሪኑ ተቀየረ። ሰፋ ያለ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ሆነ፣ ሩጫውም በየደቂቃው ሆነ። ዘርዓብሩክ በዚያ ሰሞን ተነጫነጨ። እነዚህ ውሾች ባሕርያቸው ግራ ነው፣ አገራቸው የት ይሆን፣ አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ትኬት መቁረጡን ተወና እንደ መጀመሪያው ቁጭ ብሎ ያያቸው ያዘ። ከዚያ አንድ ማታ «ገቡኝ» ብሎ መጣ። እንደገና ስም አወጣላቸው፣ እንደገና አንዳንዱን በላ። ሲስት ልጆቹን «እኔ ነኝ ያላየሁት፣ ውሻውማ ጭራውን ሲጥል ነግሮኝ ነበር» ይላቸዋል። እኔም ምን አውቃለሁ፣ ውሻ ውሻ ነው።

የመኸር ጊዜ ሲደርስ አቶ ገሪማ ሱቄ መጣ። ይርጋጨፌ አጠገብ፣ አሪቻ ላይ የቡና ማጠቢያ ያለው ሰው ነው፣ ከዘርዓብሩክ ጋር የድሮ ወዳጆች ናቸው። ከገበሬው እሸት ቡና የሚቀበልለት ሰው ቸግሮታል። ገበሬው ቀዩንም አረንጓዴውንም ቀላቅሎ ያመጣል፣ ተቀባዩ ዘመዱን እያየ ይቀበላል፣ ቡናው ይበላሻል። «አፍንጫ አልፈልግም» አለኝ። «ዓይን ነው የምፈልገው። ዘርዓብሩክ ይሄን አልቀበልም ካለ የሚከራከረው ገበሬ የለም።» ወንበር እንኳ ልስጠው አልስጠው አላስታውስም፣ ደስታ አደናብሮኝ።

ለባሌ ስነግረው መጀመሪያ ደስ አለው። እንዲያውም መዳፉን ዘርግቶ የበሰለ እሸት በአውራ ጣት እንዴት እንደሚጨመቅ አሳየኝ። ግን ቀኑ ሲደርስ «ነገ» አለ። ነገም ሲደርስ «ከነገ ወዲያ» አለ። ገሪማ ደወለ፣ ታገሰ፣ ደወለ። መጨረሻ ላይ ቡናው መቅላቱን፣ እስከ ሰኞ ካልመጣ ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ነገረኝ። በንዴት ጦፍኩ። ውሻ ከሥራህ በለጠብህ ወይ ብዬ ጮህኩበት።

እሱ አልጮኸም። «ዓይኔ የሚሠራው እዚያ ነው፣ የትምዬ» አለኝ። «እዚያ ስቀመጥ አያለሁ፣ ያየሁትን አምናለሁ። ጥዬው ሄጄ ቢጠፋብኝስ? አፍንጫዬም እኮ የጠፋው ሳላስበው ነው።»

ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰበብ መሰለኝ። ቁማሩ ነው እንዲህ የሚያስወራው ብዬ ሱቄን ለሠራተኛዋ ጥዬ፣ ነጠላዬን እየጎተትኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ነስሩን አፋጠጥኩት። ከዛሬ ጀምሮ ባሌን ብታስገባ ለአባትህ እነግራለሁ፣ የሰው ሥራ እያስፈታህ ነው፣ ሰኞ የማይሄድ ከሆነ ጠፋ ማለት ነው፣ ያልወረወርኩት ነገር የለም። ልጁ አንገቱን ደፋ። ቀስ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት፣ እሱም ከረጅም ጊዜ ጀምሮ እየከበደው እንደሆነ ነገረኝ።

«እትዬ፣ ውሾቹ እኮ ውሻ አይደሉም» አለኝ።

አልገባኝም። አስረዳኝ። የእንግሊዙ መስመር ከፋሲካ ጀምሮ ተቋርጧል፤ አሁን ያለው ኮምፒውተር የሚሥለው ነው። ስሙም፣ ክብደቱም፣ ያለፈ ውጤቱም ኮምፒውተሩ የፈጠረው ነው። ማን እንደሚቀድም ገና ሳጥኑ ሳይከፈት በዕጣ ወጥቷል፣ ሩጫው ለዓይን ብቻ ነው። ኩርባው ላይ የሚጋጭ ነገር የለም። አብዛኞቹ ወጣቶች ያውቃሉ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይም በእንግሊዝኛ ተጽፏል፣ ለጋሼ ግን የሚነግረው ሰው ጠፋ። ሲገባ ሁሉም ደስ ስለሚለው ጨከን ብሎ የሚናገር አልተገኘም።

እንግዲህ እኔን እዩኝ። ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ። ቁልፉን ያገኘሁት መሰለኝ። ይሄን ከሰማ አፍሮ ይተወዋል፣ ሰኞ አሪቻ ይሄዳል፣ አለቀ ደቀቀ አልኩ። ዘርዓብሩክ እንደልማዱ ሸሚዙን አስተካክሎ ሲገባ እኔ መሃል ወለሉ ላይ ቆሜያለሁ። ልጆቹ ለሱ ቦታ ሲለቁ አየሁ። ቤት ወስጄ ብቻውን ብነግረው ምን ነበረበት? ምላሴ አላስጠበቀኝም። «ነስሩ፣ ለኔ የነገርከኝን ንገረው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ነስሩ ነገረው። ስክሪኑ ጥግ ያለችውንም ጽሑፍ በጣቱ አሳየው። ዘርዓብሩክ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ ለረጅም ጊዜ አየ። ውሾቹ እየሮጡ ነበር።

«ባለፈው ያ ነጭ ለባሽ የኋላ ግራ እግሩን ሲቆጥብ አይቻለሁ» አለ። «አሞታል ብያችሁ አልቆረጣችሁም። ተሸነፈ።»

«ዕድል ነው ጋሼ» አለ ነስሩ። «እግር የለውም እኮ። ሥዕል ነው።»

«ሲያነክስ አየሁት እኮ ነው የምልህ።»

ባሌ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀ፣ ነስሩ ከፋሲካ ጀምሮ አለው። ራሱን ነቀነቀ፣ ለልጆቹ ሰላምታ ሰጠና ወጣ። መንገዱን ስንሻገር ከኋላው እየተከተልኩ ብዙ ለፈለፍኩ፤ ደግ ሆነ፣ አሁን ነፃ ወጣህ፣ ሰኞ ሥራ ትገባለህ፣ እያልኩ። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «አመሰግናለሁ» አለኝ። ሽሙጥ አልነበረበትም። ከልቡ ነው ያመሰገነኝ፣ ያ ነው እስከዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ሰኞ ሳልቀሰቅሰው ተነስቶ ሄደ። የይርጋጨፌው ሚኒባስ ላይ ሳሳፍረው ኩራት ሊገድለኝ ነበር። ለሰው ሁሉ አወራሁ፤ ባሌ አሪቻ ሥራ ጀመረ፣ ውሻውን ተወ፣ እኔ ነኝ ያስተውኩት አልኩ። ስደውልለት ደህና ነኝ ይላል። ሥራው እንዴት ነው ስለው ብዙ ሰው አለ ይላል። እንዲህ ሰንብቶ ገሪማ ደወለ። አልተቆጣም፣ ቢቆጣ በተሻለኝ። «እህቴ፣ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለኝ።

ይርጋጨፌ ወርጄ በሞተር አሪቻ ገባሁ። ከማጠቢያው በር ጀምሮ እስከ መንገዱ ድረስ ገበሬው ተሰልፏል፣ ማዳበሪያ ሙሉ እሸት ከጎኑ አስቀምጦ። የመፈልፈያው ማሽን ቆሟል፣ የሚፈለፈል አልደረሰውም። አንዳንዱ ተስፋ ቆርጦ ከረጢቱን መልሶ ይሸከማል፣ ወደ ሌላ ገዢ ሊሄድ። አንዲት ትልቅ ሴት ለጎረቤቷ በጌዴኦኛ ስታወራ ሰማሁ፤ ሰውዬው አሞታል መሰለኝ፣ ምስኪን፣ ትላለች። ጌዴኦኛ እንደምሰማ አላወቀችም።

ዘርዓብሩክ መቀበያው ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አንድ ከረጢት እሸት ፈስሷል። አንዲት ፍሬ ያነሳል፣ ወደ ብርሃን ያዞራታል፣ ያስቀምጣታል። እንደገና ራሷን ያነሳታል። የእሸቱ ባለቤት፣ ገበሬው፣ ቆሞ ያየዋል፣ አይናገርም። ጎበዝ ተቀባይ እጁን አንዴ ከረጢቱ ውስጥ ነክሮ፣ ዘግኖ፣ በአውራ ጣቱ ጨመቅ አድርጎ ነው የሚፈርደው፤ ይሄን ያስተማረኝ ራሱ ነው፣ ቤታችን፣ መዳፉን ዘርግቶ።

አጠገቡ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ። ሲያየኝ አልደነገጠም። እንዲያውም የጠበቀኝ መሰለ።

«ዘሩ፣ ምን ሆነሃል? ሰው ቆሟል እኮ» አልኩት።

«ያን ውሻ እግሩን ሲቆጥብ አይቼዋለሁ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ገበሬው እንዳይሰማው። «ሲተነፍስ አይቻለሁ፣ ጎኑ ከፍ ዝቅ ሲል። በዚህ ዓይኔ። አልነበረም። ያልነበረ ነገር ካየሁ፣ የማየውን በምን ልመን?»

እኔ፣ ለጠቅላላው ዲላ መልስ ያለኝ ሴት፣ እጁን ልይዘው ስል መዳፉ ላይ ያለችውን ፍሬ ወደኔ ዘረጋት። በስላ ልትፈነዳ የደረሰች ፍሬ ናት። የሦስት ዓመት ሕፃን ብትጠይቁት ቀለሟን ይነግራችኋል።

«ይቺ ቀይ ናት?» አለኝ።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። ነጋዴ ነኝ፣ ስለ ቡና የማውቀው እሱ የነገረኝን ብቻ ነው። በወርቃ ጓሮ ያደገው ሰው፣ ፉት ብሎ የዝናቡን ቀን የሚናገረው ሰው፣ እኔን ይጠይቃል።

«ቀይ ናት፣ ዘሩ» አልኩት። «ቀይ ናት።»

ዓይኔን አየ። አመነኝ፣ ፍሬዋን ለቀዩ በለየው በኩል አኖራት። ገበሬው ከረጢቱን አጣጥፎ እያየን ነው። ባሌ ከክምሩ ሌላ አንዲት ፍሬ አነሳና መዳፉን ወደኔ ዘረጋ።

«ይቺስ?»